ኪኒኑን ቆጠርን፤ ሰውየውን ግን ማን ጠየቀው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ፖለቲካ የለበትም ብላችሁ እንዳታልፉት፤ በብዙዎቻችን ቤት ጓዳ ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ስለ ቲቢ፣ እና የቲቢ ታካሚ በልቡ ስለሚሸከመው ነገር ነው።

በአገራችን የቲቢ ታካሚ መድኃኒቱን ሲተው ስም እናወጣለታለን። "አቋራጭ" እንለዋለን፤ ባለሙያው ደግሞ "ዲፎልተር" ይለዋል። ቸልተኛ ነው፣ አልገባውም፣ ለራሱም ለጎረቤቱም አያዝንም ብለን እንፈርድበታለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህ ቃል ሰውን ይወቅሳል ብሎ "ከክትትል የጠፋ" በሚል ተክቶታል። ቃሉ ተቀየረ፤ ዓይናችን ግን አልተቀየረም።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ፍርዳችን ስህተት ነው፤ ሰውም እየገደለ ነው። መድኃኒቱን ከሚተዉት መካከል ማንም ሳይጠይቃቸው በድባቴ የታመሙ አሉ። ይህን የምለው ከአንጀት ርኅራኄ ተነሥቼ አይደለም፤ በራሳችን አገር፣ በራሳችን ተመራማሪዎች የተሠራ ጥናት ስላለ ነው። ወደ ጥናቱ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ባክቴሪያው ጠባይ ጥቂት ልበል። ያለ እሱ ነገሩ አይገባም።

የተዳፈነ እሳት

ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ተዋሲያን ብዙ ታውቋል። ከሁሉ የሚገርመው ዝግታው ነው። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን አንድ ጊዜ ለመከፈል አንድ ቀን ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ጊዜ ይፈጅበታል። አይቸኩልም።

ዝግታው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሰውነታችን በሕዋሳት ግድግዳ ሲከበው፣ ምግብና አየር ሲያጥረው፣ መድኃኒት ሲወርድበት፣ ከመካከላቸው የተወሰኑት ሥራቸውን አቁመው ይተኛሉ። አብዛኞቹ መድኃኒቶች የሚገድሉት የሚያድገውንና የሚራባውን ነው፤ የተኛውን ለመግደል ይቸገራሉ። ይህ ጠባይ በቲቢ ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ጆሴፍ ቢገር የተባለ አየርላንዳዊ ተመራማሪ፣ ፔኒሲሊን ከጨረሳቸው ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶች እንደሚተርፉ ጽፎ ነበር። የተረፉት መድኃኒቱን የተላመዱ አልነበሩም፤ ዘሮቻቸው እንደገና ሲራቡ ያው ፔኒሲሊን ይገድላቸው ነበር። ስለዚህ የተረፉት አድፍጠው ነው።

እናቶቻችን ማታ እሳት ሲዳፍኑ ያያችሁ ይህ አይከብዳችሁም። ላዩ አመድ ነው፤ እጅህን ብታስጠጋ እንኳ ብዙ አይፋጅም። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገህ እፍ ስትለው ፍሙ ይቀላል።

የቲቢ ሕክምና 6 ወር የሚፈጀው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒት በአንድነት ይሰጣል፤ ነበልባሉን ያጠፋል። ቀጣዮቹ 4 ወራት ሁለት መድኃኒት ይሰጣል፤ የተዳፈነውን ፍም ይለቅማል። መሀል ላይ ያቆመ ሰው ፍሙን ትቶ አመዱን የጠረገ ማለት ነው። ሲያገረሽበትም መድኃኒቱን የተላመደ ዓይነት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የእኛ የራሳችን የሚባል የቲቢ ዝርያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ በተለይ በወልዲያ አካባቢ ከታመሙ ሰዎች የተገኘ፣ ከኢትዮጵያና ከኢትዮጵያውያን ውጪ እምብዛም የማይታይ ዝርያ ተመዝግቧል። በሳይንሱ ዓለም "የዘር ሐረግ 7" ይባላል። ሰሎሞን ይመርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 በአማራ ክልል ላይ ባሳተሙት ሥራ፣ በዚህ ዝርያ የተያዙ ሰዎች በሌላ ዝርያ ከተያዙት ይልቅ ወደ ሕክምና የሚመጡት ዘግይተው መሆኑን አሳይተዋል። ይህን ልብ በሉልኝ። "ገጠሬው አውቆ ዘገየ" ስንል የከረምነው ሰው፣ ከዘገየበት ምክንያት አንዱ የባክቴሪያው የራሱ ጠባይ ሊሆን ይችላል። ፍርዳችን ከማወቃችን ቀድሞ ሄዷል።

መስከረም የተጀመረ ኪኒን

አሁን ወደ አረርቲ እንምጣ። አንድ የምንጃር ገበሬ በሐሳባችን እናስቀምጥ። ስም አልሰጠውም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። መስከረም ላይ አክታው ተመርምሮ ቲቢ ተገኘበት፤ መድኃኒት ጀመረ።

ኅዳር ሲጠባ ሁለቱ ወር አለቀ። ሳሉ ቆመ፣ የሌሊት ላቡ ጠፋ፣ እህል ይበላለት ጀመር። ልክ በዚህ ጊዜ የምንጃር ጤፍ ደርሷል። የወረዳው ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በዚህ አዝመራ ነው፤ አጨዳው፣ ክምሩ፣ ውቂያው፣ ገበያው። ሰውየው ግን ገና 4 ወር ኪኒን ይቀረዋል። እስከ የካቲት መጨረሻ።

ማሳ ላይ ሰርዶ ነቅሎ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ማስረዳት አያቅተውም። ከላይ ያለውን ብትነቅል ሥሩ ከቀረ ክረምቱን ጠብቆ ይመለሳል። እንዲህ ብላችሁ ብትነግሩት ይገባዋል። ትምህርት አላነሰውም።

ታዲያ ምን አነሰው? የሚያንሰው ጉልበትና ተስፋ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣ ጤና ለማየት ነገ የሚባል ቀን መኖሩን ማመን ይፈልጋል። ድባቴ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰርቀው ነገን ነው። ጠዋት መነሣት ይከብደዋል። "ለማን ብዬ?" ይላል። ጽዋ ማኅበሩ ላይ ይሸሻል፤ ሰው ይሸሸኛል ብሎ ቀድሞ ይሸሻል። ሚስቱ ብርጭቆውን ስትለይ ያያል። እቁቡን መክፈል ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ኪኒኑን ቢተው፣ ረሳ ማለት አይደለም፤ መትረፉን ተወው ማለት ነው።

የሕክምናው ደንብ ከባክቴሪያው ዝግታ ጋር የሚመጣጠን ትዕግሥት ከሰው ይጠይቃል። ትዕግሥቱን የሚበላውን በሽታ ግን አይፈልግም። የጽሑፌ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ጥናቱ ምን አለ?

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፈንቴ አምባው፣ ከፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ ከሻርሎት ሃንሎንና ከሌሎች ጋር ሆነው፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ጤና ተቋማት አዲስ የቲቢ ሕክምና የጀመሩ ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታተሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ወጣ።

ከ648 ታካሚዎች መካከል 53.9 በመቶ የሚሆኑት ሕክምና ሲጀምሩ የድባቴ ምልክት ነበራቸው። ከግማሽ በላይ! ሕክምና ሳያገኝ የቀረ ድባቴ የነበራቸው ሰዎች፣ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ መድኃኒት የማቋረጥ ዕድላቸው 9 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 3 እጥፍ ያህል። ይህ ቁጥር ዕድሜን፣ ድህነትንና የመሳሰሉትን ሌሎች ምክንያቶች ከግምት አስገብቶ የተሰላ ነው።

ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በታተመ ሌላ ጥናት፣ ኤችአይቪና ቲቢ አንድ ላይ ከያዟቸው ሰዎች መካከል 63.7 በመቶ፣ ኤችአይቪ ብቻ ካለባቸው ደግሞ 46.7 በመቶ የተለመዱ የአእምሮ ጤና ችግሮች ታይተውባቸዋል።

እንግዲህ ማወቅ አልጎደለንም። ከታወቀ ቆይቷል። ዘጠኝ እጥፍ የሚያስቋርጥ ነገር ጀርም ቢሆን ኖሮ፣ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ፖስተሩ ተለጥፎ፣ በሬዲዮ ማስታወቂያው ተለፎ ነበር። ነገሩ ሐዘን ስለሆነ ግን "ይለፍልሃል" ብለን ሸኘነው።

ታሪክ የሚያስቅበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲ ቪው በተባለ የቲቢ ሆስፒታል አይፕሮኒያዚድ የሚባል አዲስ የቲቢ መድኃኒት ይሞከር ነበር። ተኝተው የነበሩ ሕሙማን ሳንባቸው ከመዳኑ በፊት ፊታቸው ፈካ፤ በሉ፣ ተጫወቱ፣ በክፍሉ ውስጥ ጨፈሩ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ እንደ ጎንዮሽ ጉዳት ቆጠሩት። ኋላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1957 ናታን ክላይን የተባለ የአእምሮ ሐኪም ይህንኑ መድኃኒት ለድባቴ ሕሙማን ሰጠው። ከመጀመሪያዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች አንዱ እንዲህ ተገኘ።

አያችሁ? የድባቴ መድኃኒት የተወለደው ቲቢ ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ስለ ድባቴ መጠየቅ ከሥራ ውጪ የሆነ ቅንጦት ይመስለናል።

ግንኙነቱ በአጋጣሚም አይደለም። ሰውነት ከቲቢ ጋር ሲዋጋ የሚረጫቸው ኬሚካሎች አእምሮ ድረስ ይደርሳሉ፤ ድካም፣ የምግብ ጥላቻ፣ ከሰው መሸሽ ያመጣሉ። በላዩ ላይ መገለልና የኑሮ መናጋት ይጨመርበታል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ላለባቸው ከሚሰጡት አንዱ የሆነው ሳይክሎሰሪን ደግሞ በራሱ ድባቴ፣ ቅዠት፣ እስከ ራስን ማጥፋት ሐሳብ ድረስ ሊያመጣ እንደሚችል የታወቀ ነው። ስለዚህ አእምሮውን ሳይጠይቁ ሳንባውን ብቻ ማከም ግማሽ ሥራ ነው።

"ግን እኮ..." ለምትሉ

የሚነሡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ "ቲቢው ሲድን ድባቴውም ይለቀዋል።" እውነት አለው። የብዙዎች ስሜት ሕክምናው ሲገፋ ይሻሻላል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው መድኃኒቱን ለጨረሰ ነው። ድባቴው እስኪለቀው ድረስ ያቋረጠውና የሞተው ሰው ከሂሳቡ ወጥቷል። ድልድዩ ከመሀል ለተሰበረበት ሰው ወዲያ ማዶ ለምለም መሆኑን መንገር ምን ይጠቅመዋል?

ሁለተኛ፦ "በጣም የታመመው ሰው ነው የሚያዝነው፤ የሚሞተውም በበሽታው ነው።" ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት መንስኤን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም። ግን ድባቴው መንስኤ ባይሆንና ምልክት ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ማን ሊጠፋብን እንደሆነ ከስድስት ወር በፊት የሚነግረን ምልክት ነው። ምልክቱን አይቶ ዝም ያለ ሰው በምን ይመካኛል?

ሦስተኛ፦ "መንገዱ በተኩስ በሚዘጋበት ክልል የአእምሮ ጤና ይወራል?" ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ ኪኒኑም ሰውየውም መንገድ ላይ እንደሚቀሩ ማንም አይነግረን፤ እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ክርክሩን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የተኩስ ድምፅ የሚሰማ፣ ልጁ የት እንዳደረ የማያውቅ ሰው ላይ ቲቢ ሲጨመርበት፣ ድባቴውን ቅንጦት ማለት የሚቻለው ሩቅ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

አራተኛ፦ "የአእምሮ ሐኪም ከየት ይመጣል?" ለዚህ ሥራ የግድ የአእምሮ ሐኪም አያስፈልግም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን መርሐ ግብር ተከትላ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን በአእምሮ ጤና ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ይህ በተግባር ተሞክሯል። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ ሐኪም ተራ አያቶችን አሠልጥኖ፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ የተጨነቀ ሰው እንዲያናግሩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት ዘዴው እንደሚሠራ አሳይቷል። የዚምባብዌ አያት የምትችለውን የምንጃር እናት የማትችልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጠበሉን ለሚንቁም፣ ኪኒኑን ለሚያስጥሉም

በአረርቲ ዙሪያ ስለ ሕመም ተጽፎ ሸንኮራ ዮሐንስ ካልተነሣ ነገሩ ጎደሎ ነው። ከመላው አገሪቱ ሰው ይጎርፋል። ሆስፒታል "የለብህም" ያለው፣ ሆስፒታል ያልጠየቀው፣ በሥጋውም በመንፈሱም የደከመው፣ ሁሉም ይመጣል።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ያስቆጡኛል። አንደኛው "ሂዱ ተጠመቁ፣ ኪኒኑን ጣሉት" የሚለው ነው። ቅዱስነታቸው አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ አሳስበዋል። ፓትርያርክ የፈቱትን ነገር ማን ነው መልሶ የሚያስረው? ቲቢ ላይ ኪኒን ማስጣል ሰውየውን ብቻ ሳይሆን አብሮት አዳራሽ ያደረውንም ሁሉ መጉዳት ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ጠበል የሄደን ሁሉ ኋላ ቀር የሚለው ነው። ወዳጄ፣ ሰው ጠበል ቦታ የሚያገኘውን አስበህ ታውቃለህ? "ምን ሆነህ ነው የመጣህ?" የሚለው ሰው ያገኛል። አጠገቡ የተኛው መከራውን ይነግረዋል፤ እሱም ይነግራል። እንቅልፍ እንዳጣ፣ እንዳለቀሰ፣ መኖር እንደሰለቸው ያወራል። ይህን ጥያቄ እኛ በነጭ ጋወን ብንጠይቀው ኖሮ ኪኒናችንን ትቶ አይሄድም ነበር። አጥማቂውና የጤና ባለሙያው ቢነጋገሩ፣ "ኪኒንህን ይዘሃል?" የሚለው ጥያቄ ከጠበሉ በር ላይ ቢጠየቅ፣ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር!

ምን ይደረግ?

የቲቢ ታካሚ መዝገብ ምን ምን እንደሚሞላበት የሚያውቅ ያውቃል። ክብደት፣ የአክታ ውጤት፣ የመድኃኒት ዓይነት፣ የኤችአይቪ ምርመራ፣ በመጨረሻም ዳነ፣ ጨረሰ፣ ሞተ፣ ጠፋ። አንድ ነገር አስታውሱ፦ የቲቢ ታካሚን ሁሉ ለኤችአይቪ መመርመር አንድ ጊዜ ሊሆን የማይችል ይመስል ነበር። "ጊዜ የለም፣ ባለሙያ የለም፣ ሰው ይሸሻል" ይባል ነበር። ዛሬ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ዓምድ መጨመር ይቻላል። አድርገነው እናውቃለን።

የምጠይቀው ይህን ነው።

1. ቲቢ የተገኘበት ሰው ሁሉ መድኃኒት ሲጀምር፣ ሁለተኛው ወር ላይና ሲጨርስ፣ በአገራችን የተፈተሸው የዘጠኙ ጥያቄዎች የድባቴ መለያ ይጠየቅ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍህ እንዴት ነበር፣ ነገር ያስደስትህ ነበር ወይ፣ የሚሉ ናቸው። ደቂቃዎች ይበቃሉ።

2. ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። ስለዚህ "አዎ" ላለ ሰው በዚያው ቀን የሚያናግረው ሰው ይመደብ። ጠይቆ ዝም ማለት ካለመጠየቅ ይብሳል።

3. የድባቴ መድኃኒት ለሚያስፈልገው ሲታዘዝ በጥንቃቄ ይሁን። ሪፋምፒሲን ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ የቲቢ ክፍሉና የአእምሮ ጤና ባለሙያው ሳይነጋገሩ አይታዘዝ። ለብዙው ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚያናግረው ሰው ነው።

4. ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ሲሄዱ "ኪኒኑን ዋጥህ?" ብቻ ብለው አይመለሱ። "እንዴት አደርክ? ልብህስ?" ብለው ይጠይቁ። ለዚህም ሥልጠናና ጊዜ ይሰጣቸው፤ ተጨማሪ ሸክም ብቻ ጭነን አንተዋቸው።

5. የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች "ስንት ሰው ጠፋ" ብለው ሪፖርት ሲያደርጉ፣ "ከጠፉት ውስጥ ስንቱን ስለ ስሜቱ ጠይቀነው ነበር?" የሚለው አብሮ ይጻፍ።

አበው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ። እውነት ነው። ግን ይህን ተረት ሁልጊዜ በታማሚው ላይ እንተርታለን። ሰው የሚደብቀው ጠያቂ ሲያጣ ጭምር ነው። አክታውን በማይክሮስኮፕ አይተን፣ ክብደቱን በሚዛን ለክተን፣ ኪኒኑን በጣት ቆጥረን፣ አፉን ከፍቶ ሊነግረን የሚችለውን ሳንጠይቀው ከቀረን፣ የደበቀው እሱ ነው ወይስ ያልፈለግነው እኛ?

በቤታችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ በጽዋችሁ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ መመሪያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ዛሬ ደውሉለት። መድኃኒት በትክክል ሲወስድ ቆይቶ ሐኪሙ አይተላለፍም ያለውን ሰው ብርጭቆ አትለዩበት፤ አብራችሁት ቡና ጠጡ። ዝምታው ከበዛ፣ መኖር ሰለቸኝ ካለ፣ "አይዞህ" ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የምትቃወሙኝ በአስተያየት መስጫው ጻፉ፤ በተለይ በቲቢ ክፍል የምትሠሩ፣ የማላየውን የምታዩት እናንተ ናችሁ። የተስማማችሁ ደግሞ በወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት ለሚሠራ አንድ ሰው ላኩለት።

ቸር ያሰማን!